ገመዱ ሲበጠስ

የጀልባቸው ሞተር ማስነሻ ገመድ ሲበጠስ ባልየው በሳበበት ጉልበት ልክ ወደ ኋላ ተፈናጠረና ትከሻው ከመቀመጫው ሳንቃ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው ይመስል ከትከሻው ተንጠልጥሎ ስታየው ግን ልትደግፈው እጇን ዘረጋች።

«ወልቋል» አላት፣ ስለ በር ማጠፊያ የሚያወራ ያህል ረጋ ብሎ። «አትንኪው።»

ትንሽ ቀደም ብሎ ይጨቃጨቁ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ልጃቸው የወለደቻትን የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን አይተው መመለሳቸው ነው። እሱ አፍንጫዋ ቁርጥ የኔ ነው ይላል፤ እሷ ደግሞ ምን ባጠፋች ነው ሕፃኗን የምትረግማት ትለዋለች። በዚህ መሀል ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ምክንያቱን ለማግኘት ባልየው አልተቸገረም። የነዳጁ ጄሪካን ተንሸራቶ ቱቦውን ተጭኖታል። ጄሪካኑን አነሳ፣ ቱቦውን አቃና፣ የማስነሻውን ገመድ ጨብጦ ሳበ። ያረጀ ገመድ ነው፤ ከሥሩ ተበጠሰ።

ነፋሱ ግን እስኪያገግሙ አልጠበቀም። ጀልባዋን በጎኗ እየገፋ፣ ማዕበሉ አረፋ ወደሚደፍቅበት ቋጥኝ ይነዳት ጀመር። ሴትየዋ መልሕቁን ወረወረች፤ ገመዱ አለቀ እንጂ መልሕቁ መሬት አልነካም። ያለቻቸውን አንዲት መቅዘፊያ ይዛ ብትታገል ጀልባዋ እንደ እንዝርት ከመሾር በቀር ፈቀቅ አላለችም።

«ተይው እሱን» አላት። «ሞተሩን አስነሺው።»

ጎረቤት ሁሉ ያንን ሞተር ሁለተኛዋ ሚስትህ ይለዋል። ሰው እንዲነካበት አይወድም። አንድ ጊዜ እርጥብ ካልሲ ብታሰጣበት ምሳ ሳይበላ ነው የዋለው። እሷም ብትሆን የስፌት ማሽኗን የሚነካ ሰው አትወድምና አልፈረደችበትም። አሁን አስነሺው ሲላት ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባት።

እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እየነገራት ክዳኑን አነሳች። የገመዱን ቤት የያዙትን ብሎኖች በመፍቻ ትፈታ ጀመር። አንደኛው ዝጎ አልላወስ ቢላት በመላ ሰውነቷ ተንጠለጠለችበት፤ ሲለቅ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተላጠ። ከሥሩ ከባድ የብረት መዘውር ብቅ አለ፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ያለው።

ልጃቸው ቋጠሯቸውን ያሰረችበትን የናይለን ገመድ ፈታች። ጫፉን ቋጥራ ስንጥቁ ውስጥ ሸጎጠችና መጠምጠም ያዘች። ገመዱ ተደራረበባት፤ ገና ሳትስበው ተንሸራትቶ ወደቀ። እንደገና ብትሞክር እንደገና ወደቀ። አልችልም አለችው፣ ድምጿ እየተሰበረ።

«ክር ስታጠነጥኚ እንዴት ነው የምታደርጊው?» አላት። «በአውራ ጣትሽ ደገፍ ታደርጊና፣ ሳትደራርቢ፣ ጎን ለጎን ታስኬጂዋለሽ። ከንፈርሽንም ነከስ ታደርጊያለሽ። አሁንም እንደዚያ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። እሷ ማሽኗ ላይ ስታመሽ እሱ ሬዲዮኑን ታቅፎ የሚያንቀላፋ ነበር የሚመስላት።

ጠመጠመችው። ጎን ለጎን፣ ሳትደራርብ። ሌላውን ጫፍ እጇ ላይ ልትጠቀልለው ስትል ከለከላት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ጣትሽን ይዞት ይሄዳል አላትና ከመፍቻው ጋር አሰረችው። ሻርፕሽንም አውልቂ አላት፣ አወለቀች። ማርሹን መሀል ላይ አደረገች። እሱ በግራ እጁ ነዳጅ መግፊያዋን ጎማ ጨመቅ ጨመቅ አደረገላት።

ሳበች። መዘውሩ ዞረ፣ ሞተሩ አልመለሰም። ገመዱ ተስፈንጥሮ ባሏን ጉልበቱ ላይ ገረፈው። አሁን ቋጥኙ የሚረጨው ውኃ ፊቷን ያረጥበዋል።

«ቢያቅተኝስ?»

«ቢያቅትሽ አብረን እንረጥባለን። ብቻሽን የረጠብሽበት ቀን አለ እንዴ?»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ገመዱን ሸጎጠች፣ ጠመጠመች፣ አንድ እግሯን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተከለች፤ ከወገቧ ነቅላ ሳበችው። ሞተሩ ሳለ፣ ጭስ ተፋ፣ አጓራ።

ማርሹን እንድታስገባ ነገራት። መሪውን ወደ ራሷ ስትስበው የጀልባዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ተፋተገ፤ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነበር። ከዚያ ተላቀቁ። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሐይቁ አዙራ ማዕበሉን ሽቅብ ስትወጣው ቋጥኙ ከኋላቸው እያነሰ ሄደ።

ጎሽ እንኳ አላላትም። ትንሽ ጋዝ ቀንሺ አላት። ልታቅፈው ፈለገች፤ ትከሻውን አሰበች፣ መሪውንም መልቀቅ አትችልም። ክንድህ እንዴት ነው አለችው። ወደ ወደቡ ቀጥ በይ፣ ወጌሻውም ያለው እዚያው ነው አላት።

መዘውሩ ራቁቱን፣ ካጠገቧ፣ ዓይን እስኪያጭበረብር ይሾራል። ክዳኑን ለመመለስ እጅም ጊዜም አልነበራቸው። ሰፊው ቀሚሷ በነፋሱ እየተነፋ ወደዚያው ይንሳፈፋል፤ መዘውሩ ጫፉን ከያዘው እሷንም ይጎትታታል። ባልየው በወለሉ ላይ እየተጎተተ እግሯ ሥር መጣ፤ የቀሚሷን ዘርፍ በደኅናው እጁ ሰብስቦ ጨበጠና ደረቱ ላይ አስደገፈው። ሕመሙ ዓይኑን ሲያስጨፍነው እንኳ ጭብጡ አልላላም። ወደቡ እስኪታይ፣ ሰዎች ከዳር ሆነው እጃቸውን እስኪያወዛውዙላቸው ድረስ፣ ገበያ መሀል ልጁ እንዳትጠፋበት እንደሚፈራ አባት፣ የሚስቱን ቀሚስ እንደያዘ ነበር።