የእማዬ ወረቀት

ሚሳኤል ፍሪጁን ከፍቶ ወተቱን ያገኘዋል። ግማሽ ሊትር ነው፣ ላስቲኩ ገና አልተቀደደም። በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ እያንጠለጠለ ወደ ሳሎን ይመጣና ፊቴ ላይ ይደቅነዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል።

ወተት መሆኑን እሱም አላጣውም። እማዬ ሶፋው ላይ ጀሶ የታሰረ ክንዷን ታቅፋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ባለፈው ሳምንት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ አዳልጧት ነው። ያን ያህል አወዳደቅ እንኳን አልነበረም፤ በእጇ መሬቱን ደገፍ ብትል አንጓዋ ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቷ ሳስቷል፣ ወተት ትጠጣ፣ ፀሐይ ትሙቅ አለ። ወተቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ግን ወረቀት አለው። ዓምና ምራቅ የሚጠራቀምበት ብልቃጥ ከውጭ በሰው አስመጣ። የእማዬ ምራቅ ተሞልቶበት ተመልሶ ይላካል፣ ዲኤንኤዋ ይመረመራል፣ ምን እንደሚስማማትና ምን እንደሚጎዳት ይነግረናል አለ። ከሁለት ወር በኋላ አሥራ ስድስት ገጽ እንግሊዝኛ መጣ፤ እዚሁ ተቀምጦ እየተረጎመ አነበበልን። ወተት አይስማማትም። ቅቤ ይቅርባት። ልቧም ከሌላው ሰው የበለጠ ያሰጋታል። ሰላሌ ወተት ላይ ያደገችውን ሴት! ዋናውን ገጽ ላሚኔት አስደርጎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው፣ እሷም እሺ አለች።

ለምን እሺ እንዳለች አውቃለሁ። እሱ ካለበት ከላፍቶ እኛ እስካለንበት ሀና ማርያም በመኪና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሚሳኤል ያንን መንገድ የሚያየው ለፋሲካና ለገና ነበር፣ እሱንም አንዳንዴ በስልክ ይሸነግለን ነበር። ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ግን ቅዳሜ አይቀርም። ድስት ይከፍታል፣ ፍሪጅ ይበረብራል፣ የቅቤ ዕቃ ያሸታል፣ ከዚያ ተቀምጦ ያወራል። እማዬ ከዓርብ ጀምራ ፀጉሯን ትሠራለች። ወተቷን ሰጥታ ልጇን አገኘች፤ ርካሽ መስሏት ነው።

«ሐኪም ነው ያዘዘላት፤» እለዋለሁ።

«ሐኪም የሚያየው አጥንቷን ነው። ይሄ ሥሯን ነው የሚያየው፤» ይላል ወደ ፍሪጁ እያመለከተ። አይጮኽም። የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ በሦስት ዓመት እየበለጥኩት እንደ ተማሪው ነው የሚያናግረኝ። ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል፣ የላስቲኩን ጫፍ በጥርሱ ቀዶ ወተቱን ሲንኩ ውስጥ ይደፋዋል።

እማዬ ወደ እኔ ትዞራለች። አደራ የሚል ዓይን ነው። ዓመት ሙሉ በዚህ ዓይን ስታየኝ ዝም ብያለሁ፣ ለእሷ ብዬ ብቻም አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኔም ሰው ይመጣልኛል። ዛሬ ግን ጀሶውን ነው የማየው።

«ምራቁ የእሷ አይደለም፤» እለዋለሁ።

እጁን እያደራረቀ ይዞራል። ሁሉንም እነግረዋለሁ። ብልቃጡን ያመጣልን ዕለት እሁድ ነበር። ወደ ውጭ ይዞት የሚሄደው ሰው ማታ ስለሚበር፣ ሚሳኤል ራሱ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎን ነበር። እማዬ ከቅዳሴ የተመለሰችው አፏን በነጠላ ሸፍና ነው፤ ቆርባለች። የቆረበ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደማይተፋ ሚሳኤልም ያውቃል፣ ልጆች ሳለን አብረን ቆርበናል። እሷ ግን እሱን ማስቀየም ፈራች። በር ላይ ክላክሱን ሲያስጮኸው ጊዜ ብልቃጡን ለእኔ ሰጠችኝ። አንቺ ትፊልኝ፣ ካንቺ ደም የእኔ ደም ምን ይለያል አለችኝ። እኔም ጨዋታ መስሎኝ እስከ መስመሩ ሞላሁት።

ሚሳኤል ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ይነቅልና ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ለምን ዋሻችሁኝ ይላል ብዬ እጠብቃለሁ። ጣቱ መስመር በመስመር እየወረደ ታችኛው ላይ ይቆማል።

«እና የልቡም ነገር የእሷ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ተመስገን፤» ይላል።

ከአንጀቱ ነው ያለው። ትከሻው ወረድ ይላል፣ ዓይኑ እርጥብ ነው። ለእናቱ በእውነት ሲሰጋ ነው የከረመው፤ ይሄን አልነፍገውም። ያ የሚያሰጋው ልብ አሁን የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ምራቁን ማን እንደሞላው ከነገርኩት አምስት ደቂቃ አልሞላም። ይሄን ጊዜ ያንገበግበኛል።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይነሳል። የእማዬን ግንባር ይስማል፤ ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ፣ ከእንግዲህ የምቆጣጠረው ነገር የለም ይላታል።

«ቅዳሜስ?» ትለዋለች።

«እስቲ፣ ካመቸኝ ብቅ እላለሁ።»

የመኪናው ድምፅ ይርቃል። ቦርሳዬን አንስቼ ሌላ ወተት ልገዛ ስል እማዬ ከሶፋው ትነሳለች። በደህና እጇ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ ታነሳና ፍሪጁ ጋ ሄዳ የነበረበት ቦታ ላይ ትለጥፈዋለች። አሮጌው ፕላስተር አይዝላትም፣ ወረቀቱ እየተንሸራተተ ይወርድባታል። መልሳ ታነሳዋለች።

«የመጣ እንደሆነ ቦታውን ባዶ እንዳያገኘው፤» ትለኛለች ሳትዞር። «ነይ ያዢልኝ።»

ቦርሳዬን አስቀምጬ እሄዳለሁ። አዲስ ፕላስተር በጥርሷ እስክትቆርጥ ድረስ ወረቀቴን በሁለት እጄ ፍሪጁ ላይ ደግፌ እይዝላታለሁ።