የተቆረጠው ካፖ

አከራዩ ሁለት ነገር አይወድም፤ ጫጫታና ውሸት። ተከራዮቹ ከኋላው «ጋሽ ጸጥታ» ይሉታል። ያውቃል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ላይኛው ፎቅ ላይ ያለችው ጊታሪስት ክፍሉን ስትከራይ ደንቡን ፊት ለፊት ነግሯታል። ክፍሉ ለአንድ ሰው ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማደር የለም። «እሺ» ብላ ቁልፉን ተቀበለች።

ሰሞኑን ግን ከላይ የሚወርደው ድምፅ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ጊታር ወፍራም ድምፁን ይዞ ያጉረመርማል፣ ሌላው በላዩ ላይ ይዘፍናል። አከራዩ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያዳምጣል። በጆሮው ደግሞ አይታማም።

«ወንድ አስገብታለች» አላት ሚስቱን፣ ከምሳ በኋላ።

«ኧረ ተዋት! ምን አደረገችህ?» አለች ሚስቱ። ትልቅ ድስት ይዛ ደረጃውን እየወጣች ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለጊታሪስቷ ምግብ ማድረስ አብዝታለች። ልጃቸው ከቤት ስለወጣች አንጀቷ ማረፊያ አጥቶ ነው ብሎ ዝም ብሏታል።

ስለ ልጁ ማውራት አይወድም። ትምህርቷን ትታ ጊታር አንጠልጥላ መዞር ስትጀምር፣ አንድ ቀን ከእጇ ነጥቆ ከግድግዳ ጋር አጋጨው። የጊታሩ አንገት ተሰበረ። ልጅቷ አላለቀሰችም። «እንዲያውም አሁን ነው የምጫወተው!» ብላው በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች። ስብርባሪውን ሚስቱ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አነሳችው። ልጅቷ አክስቷ ቤት ገባች ብላ የነገረችውም እሷ ናት።

ለልጁ አልደወለላትም። እሷ ትደውል ብሎ ነው። እሷም አልደወለች። እልኸኛ ናት፤ በማን እንደወጣች ግልጽ ነው። ትናፍቀዋለች፤ ይህን ግን ለሰው አይናገርም።

ሚስቱ ባዶ እጇን ስትመለስ ሙዚቃው እንደገና ጀመረ። አከራዩ ተነስቶ ወጣ። በሩን ሲያንኳኳ ሙዚቃው ቆመ። በሩ ግን ቶሎ አልተከፈተም።

«ሌላው የታለ?» አላት፣ ሰላምታም ሳይሰጣት።

«የምን ሌላ?»

«ሁለት ጊታር ነው የሰማሁት። ደንቆሮ መሰልኩሽ? ሰው ካገኘሁ ዛሬውኑ ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ። ልጄም ብትሆን ደንብ ደንብ ነው!»

«እሱንስ አልጠራጠርም» አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የሞላ አሮጌ ቁም ሣጥን። ጠረጴዛው ላይ ሞረድና የእንጨት ማጣበቂያ ኮላ ቆርቆሮ ተቀምጠዋል። ጊታር ያለው አንድ ነው። አከራዩ አልጋው ስር አጎንብሶ አየ። ከዚያ የቁም ሣጥኑን እጀታ ጨበጠ።

«ይክፈቱት» አለች ጊታሪስቷ፣ እጇን አጣምራ። «የውስጥ ልብሴ ነው ያለው። ሲወርዱ ደግሞ ምን ምን እንዳዩ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው።»

እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

«ታዲያ ድምፁ ከየት መጣ?»

«ይቀመጡ፣ ላሳይዎት።»

ከጠረጴዛው ላይ መቆንጠጫ የመሰለ ትንሽ ብረት አነሳች። «ይህ ካፖ ይባላል። የጊታሩን አንገት ይዞ ስድስቱንም ክር ይጫናል። የእኔን ግን በሞረድ ቆርጬዋለሁ። መሃል ያሉትን ሦስቱን ብቻ ነው የሚይዘው።» አንገቱ ላይ ቆነጠጠችው። «ወፍራሙ ክርና ሁለቱ ቀጫጭኖች ነፃ ሆኑ። መቃኛውን ሳልነካ ቅኝቱ ተለወጠ። ነፃዎቹ ጣት ሳይጫናቸው ይጮኻሉ። አሁን ይስሙኝ።»

ተጫወተች። ወፍራሙ ክር ከታች ሳያቋርጥ አጉረመረመ፣ ቀጫጭኖቹ ከላይ ዘፈኑ። አከራዩ አፉን ከፍቶ ቀረ። እውነትም ሁለት ሰው ይመስላል።

«ያቺን የጠዋቷን ዜማ እስቲ» አለ፣ በቀላሉ ላለመረታት።

እሷንም ተጫወተችለት።

«ታች ሆኜ ስሰማት ትወፍራለች።»

«ጣሪያዎ ነዋ። ውስጡ ባዶ የሆነ ጣሪያ ድምፅ ያወፍራል።»

ጣሪያውን ያሠራው ራሱ ነው። ዜማዋ ግን ከልቡ አልወጣችም። የሆነ ቦታ የሚያውቃት መሰለው።

«የማን ናት?»

«የተማሪዬ። ራሷ ናት የደረሰቻት።»

«ጎበዝ ናት» አለ፣ ሳያስበው።

«ምን አሉኝ?» ጊታሪስቷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ጎበዝ ናት አልኩሽ!» እሱም ጮኸ።

«ይህን ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት!» አለች። ከዚያ ጊታሩን አስቀምጣ ፊቱ ቆመች። «በሉ አሁን ይቅርታ ይጠይቁኝ። በገዛ ክፍሌ እንደ ሌባ ፈትሸውኛል። ወይስ ለተከራይ ይቅርታ አይገባም?»

አከራዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ይቅርታ ከጠየቀ ስንት ዘመኑ!

«አጥፍቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ተጫወቺ። ከእንግዲህ አልመጣብሽም።»

ደረጃውን ሲወርድ ዜማዋን ያንጎራጉር ነበር። ነገ አክስቷ ቤት ደውሎ ልጁን ሊያነጋግር ወሰነ።

ጊታሪስቷ በሩን ቆለፈች። ኮቴው እስኪጠፋ ጠብቃ የቁም ሣጥኑን በር ከፈተችው።

«አባዬ ሄደ?» አለች ልጅቷ፣ አንገቱ በኮላ የተጠገነ ጊታር እንዳቀፈች።