አባት የፈተሸው ጆሮ

ሕጉ አጭር ነው፤ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የሰው ሠራሽ ጆሮ ኮድ ያሻሻለ ሰው፣ ማሻሻያውን ለሁሉም ተጠቃሚ ከመላኩ በፊት በሥጋ ዘመዱ ላይ ይፈትሸዋል። ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰው ናሁሰናይ ያሻሻለውን አዲስ ኮድ በአባቱ ሰው ሠራሽ ጆሮ ላይ ጫነ።

"ይሰማዎታል፣ አባባ?"

"ጥርት አድርጎ!" አሉ ሽማግሌው ከንፈሩን እያዩ።

እህቱ የሺመቤት ከአባቷ ጀርባ ቆማ የድስት ክዳን ወለሉ ላይ ወረወረች። ናሁሰናይ ክው አለ፤ አባቱ ግን ዘወር እንኳ አላሉም።

"ጅል!" አለችው። "የትኛው አባት ነው ልጁን በፈተና የሚጥለው?"

"ላከው እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አሉ አባቱ ፈገግ ብለው።

ናሁሰናይ አዲሱን ሰርዞ አሮጌውን ኮድ ሊመልስላቸው ሲል እጁ ባለበት ቀረ። አሮጌውንም ፈትሾ ያሳለፈው የሌላ ሰው አባት ነበር።