የጃኪ ራጅ

አቶ ሽብሩ በፊት እግሩ የሚያነክሰውን ውሻቸውን ጃኪን ይዘው እንስሳት ክሊኒክ ገቡ። ዶክተር ሰብለ የእግሩንና የሳንባውን ራጅ አንስታ መብራቱ ላይ ሰቀለችው።

«አባባ፣ አልደብቅዎትም፤ የአጥንት ካንሰር ነው። እንዲሁ ከተተወ ከጥቂት ወራት አያልፍም። ግን ሳንባው ንጹሕ ስለሆነ፣ እግሩ ተቆርጦ መድኃኒት ከወሰደ ዓመትም ከዚያ በላይም ሊኖር ይችላል። እንቁረጠው?»

አቶ ሽብሩ ከካፖርታቸው ሥር ትልቅ ፖስታ አወጡና ሌላ ራጅ ሰጧት።

«እስቲ ይቺንም እይልኝ።»

አየችው። «አባባ፣ ይሄ እኮ የውሻ አይደለም!»

«የእኔ ጉልበት ነው። የሰው ሐኪሞቹ ልጆቼን ውጭ ጠርተው ያንሾካሹካሉ፤ እኔን ‹ደህና ነዎት› ብቻ ይሉኛል። አንቺ ግን ጃኪ ፊት እንኳ እውነቱን ተናገርሽ።»

«እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ» አለች ሰብለ ከሳቋ ጋር እየታገለች። ቢሆንም ራጁን ደጋግማ አየችው። «ካንሰር የሚመስል ነገር አይታየኝም። የእርጅና ቁርጥማት ነው።»

አዛውንቱ በረጅሙ ተነፈሱና የጃኪን ጆሮ አሻሹ።

«እንግዲያው ቁረጪው» አሉ። «እኔ ከሞትኩ ባለሦስት እግር ውሻ ማን ያስታምማል ብዬ ነበር የፈራሁት።»