የመሐላው ግማሽ

አፍናን ያን ቀን ምሳ አልወርድ አላት። ኮምፒውተሯ ላይ ባገኘችው ነገር የተነሳ ነው።

ከሚሴ ውስጥ አፍናንን ጨምሮ በሦስት ልጆች የሚሠራ የሶፍትዌር ቢሮ አለ። ሥራቸው አንድ የስልክ መተግበሪያ ነው። ገበሬው ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚያወጣውን ከብትና «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚለውን ዋጋ ያስመዘግባል፤ ከዚያ በላይ የሚከፍል ሲገኝ ስልኩ ይነግረዋል። ያን የመጨረሻ ዋጋ ማንም ማየት የለበትም።

ሰሞኑን ግን ደላሎች ገበሬውን መንገድ ላይ እየጠበቁ ያችኑ ዋጋ ይጠሩለት ጀመር። የአፍናን አባትም በሬያቸውን በዚሁ መንገድ፣ በዚያችው ዝቅተኛ ዋጋ ተነጠቁ።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ የሆዴን ለደላላ ነገርሽብኝ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሱላትም።

ጃቫስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ሁሉን ራሱ አይጽፍም። ሌሎች የሠሩትን ፓኬጅ እየወሰደ በራሱ ሥራ ላይ ይጭናል፤ አንዱ ፓኬጅ ደግሞ ሌላ ይጎትታል። ጨፋ ሮቢት ገበያ ማሽላ ሲገዛ ጆንያውን እስከ ታች የሚያምስ ሰው፣ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የማያውቀውን ሰው ኮተት ሳያይ ይውጣል። ቆሻሻ ልማድ ነው። አፍናን በዚያ ክምር ውስጥ ዋጋውን እየለቀመ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ትንሽ ፓኬጅ አገኘች።

ፓኬጅ የሚጭነው አብዱልፈታህ ነው። ቢሮ ውስጥ ጫት ይቅማል፤ ኪቦርዱ በገራባና በስኳር ተጣብቋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ፓኬጆቹን ከኮምቦልቻ በፍላሽ የሚያመጡላቸው የቢሮው ባለቤት ጋሼ አብዱልጀባር ስንቴ ተቆጥተውታል። የቲም ሆኖ እሳቸው ቤት ስላደገ እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን አይታገሱትም ነበር።

አፍናን ነገሩን ስትነግራቸው ጋሼ ራሳቸውን ያዙ።

«አስተግፊሩላህ! የገበሬ ጉሮሮ! ሁላችሁም ታጥባችሁ ዉዱእ አድርጋችሁ ኑ።»

ቁርኣኑን አስቀመጡ። «አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም ብላችሁ ማሉ።»

አፍናን ማለች። ገበሬዎቹን የምትመዘግበው ሰሊማም ማለች። አብዱልፈታህ ተራው ደረሰ።

«ወላሂ አላደረግሁም።»

«ቀጥል እንጂ!»

«ሁለተኛውን አልምልም። ጋሼ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ አያስምሉኝ።»

ግማሽ መሐላ! አፍናን አጠገቡ መቆም ቀፈፋት።

«ያባቴን በሬ በልተህ ደግሞ ትለማመጣለህ? ትፍ!»

ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ቁልፉን አስቀምጥና ውጣ» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሰሊማ እሱ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ሳይቀር በበረኪና አጠበችው።

አፍናን ፓኬጁን አጠፋችና ወደ ቤት በረረች። አባቷ ሌባው መገኘቱን ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ራሷን ዳሰሱ። «ጠርጥሬሽ ነበር፤ አውፍ በይኝ ልጄ።» አፍናን አለቀሰች፤ ራቷንም ጥርግ አድርጋ በላች።

ጋሼ አብዱልጀባር ብቻቸውን ሲቀሩ የቢሮውን በር ዘግተው ሰንበቴ አንድ ደላላ ጋ ደወሉ።

«ያኛውን ፓኬጅ ልጅቷ አጥፍታዋለች» አሉት፤ «አትስጋ፣ ከእንግዲህ በፍላሽ የማመጣውን የምትጭነው ራሷ ናት።»