ባለ አንድ ዓይኗ ሮማንወርቅ

ሮማንወርቅ የምትኖረው ለንደን፣ ካምደን ሰፈር ነበር። ስደተኞች በሚያዘጋጁት መጽሔት ላይ በብዕር ስም ደርግን ስትሸነቁጠው አንባቢው «ማን ናት ይህች ምላሳም?» ይላል። የደርግ ጆሮዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ማንነቷ ቢታወቅ የሚታሰሩት ጎንደር ያሉት እናቷ ናቸው።

ግን ቆንጆ ሰው መልኩን መደበቅ አይሆንለትም። ለ1970 ዓ.ም. የፋሲካ እትም «ፊቴ ከብዕር ስሜ ጋር ሽፋኑ ላይ ይውጣ» አለች።

«እናትሽስ?» አላት አዘጋጁ ፀጋይ።

«ፊት ላይ ስም አይነበብም።»

ሠዓሊው ዳኛቸው ጣልቃ ገባ። «ፎቶግራፍ ለፓስፖርት ነው፤ እኔ እስልሻለሁ።»

ዳኛቸው ቤተ ክርስቲያን ሲስል ያደገ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። የፀጋይን መልክ ሲስል፣ የፀጋይ ሚስት በጨረፍታ አይታ «ና፣ ራት ቀርቧል» ብላ ሥዕሉን ጠርታዋለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዓምና ሮማንወርቅን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ እሷ ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥታ ሸኝታቸዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀመጠችለት። የመጀመሪያውን ንድፍ ጓደኛዋ ኂሩት አይታ «እስትንፋስ ብቻ ነው የቀራት!» አለች። ዳኛቸው ንድፉን ብድግ አድርጎ እሳት ውስጥ ከተተው።

«ምነው?»

«አልወደድኩትም።»

የመጨረሻውን ሥዕል ለፀጋይ እንኳ ሳያሳይ በቀጥታ ማተሚያ ቤት አስገባው። መጽሔቱ ሲወጣ ጉድ ተባለ። ሮማንወርቅን በጎን፣ ባንድ ዓይን ስሏታል! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው። አፍንጫዋን አጉብጦ፣ አገጯን አስረዝሞ፣ ቀለሙን በወፍራም ብሩሽ እንደ ጭቃ ለጥፎባታል።

ሮማንወርቅ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። ከዚያ ቤቱ ሄዳ መጽሔቱን ፊቱ ላይ ወረወረችበት።

«እምቢ ስላልኩህ ነው አይደል? ቂመኛ!»

«እንዲህ ነው የታየኝ» አለ፣ ብሩሹን እያጠበ።

ምስጢሯን የሚያውቁት ጥቂት ወዳጆቿ ሁሉ ፈረዱበት። ፀጋይ ሥራ ነሳው፤ ኂሩት ሰላምታ ነሳችው። ዳኛቸውም ብሩሹን ሰቅሎ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር፣ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ማሸግ ጀመረ። የእጁን አገኘ ተባለ።

በሰኔ፣ አንድ እሑድ፣ የሮማንወርቅ በር ተንኳኳ። ስትከፍት የማታውቃቸው ሁለት ሱፍ የለበሱ ሐበሾች ቆመዋል። አንደኛው መጽሔቱን ይዟል። እናቷ ትዝ አሏት።

ሰዎቹ ፊቷን ትክ ብለው አዩ። ሥዕሉን አዩ። እንደገና ፊቷን አዩ።

«ይቅርታ እህታችን፣ እዚህ ሰፈር ይህችን አስቀያሚ ሴትዮ አይተው ያውቃሉ?»