ሸክላው የዘለለበት ቦታ

ዘፈን በየሰው ጆሮ ለብቻው መሰማት ከጀመረ ወዲህ፣ በሰርግ ቤት አንዱ ሲጨፍር አጠገቡ ያለው ይተክዛል። ጥሩወርቅ ለልጇ ለኤፍራታ ሰርግ የሟች ባሏን የዘፈን ሸክላ አወጣች። ዘንድሮ የጀመረችው የጎልማሶች ትምህርት ረድቷት፣ የሰርጉ ዘፈን በየትኛው ገጽ እንዳለ ፊደል በፊደል አነበበች።

«እማዬ፣ ተጭሯል እኮ! መሳቂያ እንዳንሆን።»

«እኔስ ተጭሬ የለ? አባትሽ መች ጣለኝ?» አለች።

በሰርጉ ዕለት እንግዶቹ የጆሯቸውን ዘፈን አጠፉ፤ የማጫወቻው መርፌ ሸክላው ላይ አረፈች። ጭፈራው ሲደምቅ ሸክላው ዘለለና አንዷን ስንኝ ይመላልሳት ጀመር። ጥሩወርቅ ልታነሳው ደንግጣ ሮጠች። አማቾቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሙሽራው ሳይቀር ግን ያንኑ እስክስታ እኩል እየመለሱ ይወርዱታል። ኤፍራታ እየሳቀች የእናቷን እጅ ያዘች።

«ተይው እማዬ! ሰዉ ሁሉ አብሮ ተሳሳተልኝ!»